ወይናችን ውሃውን የት ያደርሰዋል? ባሕር ዳር ላይ ወይን ለሚያጠጡ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ የመጡት ግቢያቸው ውስጥ የወይን ዳስ ካላቸው ሰዎች፣ በመራዊ በኩል ካሉ ገበሬዎችና ከጥቂት ተማሪዎች ነው። አብዛኛው ሰው «ስንት ጀሪካን?» ብሎ ነው የሚጀምረው። ጀሪካኑ ጋ እንደርሳለን። መጀመሪያ ግን ቅጠሉን እናገላብጠው፤ ወይን የሚጠጣውን የማሰላበት ሞዴልም የሚነሳው ከቅጠሉ ነው።

ሐይቁ አፍንጫችን ሥር ነው። ወይኑ ለምን እንዲህ ይጠማል?

ሐይቅ አጠገብ መሆንና እርጥብ አየር ውስጥ መሆን አንድ አይደሉም። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሣሩ ጤዛ ይዟል፣ እውነት ነው። ግን መጋቢት ላይ ከቀኑ 9 ሰዓት ልብስ አጥባችሁ አስጡ። ሻይ ጠጥታችሁ እስክትመለሱ ደርቋል። ቅጠልም እንደዚያ ልብስ ነው።

አየር በአንድ ሙቀት ሊይዝ የሚችለው የእንፋሎት ልክ አለው። ከዚያ ልክ ላይ አሁን የያዘውን ስትቀንሱ የሚቀረው ጉድለት ነው። እኔ «የአየሩ ጥማት» እለዋለሁ። የሚለካው በኪሎፓስካል ነው። አየሩ 29 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 30 በመቶ ከሆነ ጥማቱ 2.8 ነው። ሐምሌ ላይ 24 ዲግሪና 75 በመቶ ብታገኙ ደግሞ 0.75 ብቻ ይሆናል። ያው ግቢ፣ ያው ወይን፣ ጥማቱ ግን ወደ 4 እጥፍ ይጠጋል።

ውሃ ካጠረው ለምን ዘግቶ አይቀመጥም?

በሩ አንድ ስለሆነ ነው። ቅጠሉ ስኳር የሚሠራበትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያስገባው ስቶማታ በሚባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ነው። ውሃውም የሚወጣው በዚያው ነው። ምግብ ላስገባ ብሎ ሲከፍት ውሃው ሹልክ ይላል። ዘግቶ ሲቀመጥ ይራባል። ደህና ውሃ የጠጣ ወይን በጥሩ ፀሐይ ላይ አንዲት የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውል ለማስገባት በመቶዎች የሚቆጠሩ የውሃ ሞለኪውሎች ይከፍላል። ክፉ ንግድ ይመስላል። ግን ሌላ ገበያ የለውም።

ወይን ላይ እነዚህ ቀዳዳዎች ያሉት በቅጠሉ ጀርባ ነው፤ ማለትም መሬት በሚያየው ፊት። ካላመናችሁኝ ሁለት እኩያ ቅጠሎች ቁረጡ። አንዱን ላይኛው ፊቱን፣ ሌላውን ጀርባውን ቫዝሊን ቀቡት። የተቆረጠበትን ጫፍም ሁለቱም ላይ ድፈኑት። በክር አንጠልጥሏቸውና ነገ ተመልከቱ። ጀርባው የተቀባው እንደ ትናንቱ ለስልሶ ይጠብቃችኋል። ፊቱ የተቀባው ተጨማዶ ታገኙታላችሁ። ልጆች ካሉ አብራችሁ ሞክሩት፤ ከየትኛውም የትምህርት ቤት ሥዕል ይበልጣል።

ሞዴል ሲባል ማሽን ነው? ፕሮግራም ነው?

ደብተር ነው በሉት። እንደ ሱቅ ደብተር የገባና የወጣ የሚጻፍበት። ልዩነቱ ሦስት ደብተሮች አንዱ ከአንዱ ጋር መታረቅ ያለባቸው መሆኑ ነው።

የመጀመሪያው ምግቡን ይቆጥራል። ብርሃኑ ይህን ያህል፣ ሙቀቱ ይህን ያህል፣ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይህን ያህል ከሆነ ስንት ስኳር ይሠራል? ለዚህ ዛሬም ዓለም የሚጠቀመው ፋርኳርና ሁለት ባልደረቦቹ በ1980 እ.ኤ.አ. ያወጡትን ቀመር ነው። ሁለተኛው የበሩን ስፋት ይቆጥራል። በ1987 እ.ኤ.አ. ቦል፣ ውድሮና ቤሪ በሩን ከምግቡና ከአየሩ እርጥበት ጋር አሰሩት። ቤሪ የመጀመሪያው ቀመር ላይም ስሙ አለ፤ ሰውዬው ሁለቱንም ደብተር ይዞ ነበር ማለት ነው። ሌውኒንግ በ1995 እርጥበቱን አውጥቶ የአየሩን ጥማት አስገባበት። ሜድሊንና ባልደረቦቿ በ2011 ቀለል ያለ መልክ ሰጡት። እኔ የምጠቀመው ይህን የመጨረሻውን ነው። ለአንድ ዓይነት ወይን ዋናው የምትፈልጉት ቁጥር አንድ ብቻ ነው፤ ተክሉ በውሃው ምን ያህል ቆጣቢ ወይም አባካኝ እንደሆነ የሚናገር ቁጥር።

ሦስተኛው ደብተር የሙቀት ነው። ቅጠሉ ከፀሐይ የተቀበለውን የሚያስወጣው ከፊሉን በንፋስ፣ ከፊሉን ደግሞ ውሃ በማትነን ነው። በሩ ሲጠብ ቅጠሉ ይግላል። ሲግል ምግብ አሠራሩ ይለወጣል። ምግቡ ሲለወጥ በሩም ይለወጣል።

ታዲያ ከየትኛው ይጀመራል? ኮምፒውተሩ እንደ ቅዳሜ ገበያ ያደርገዋል። አንድ ዋጋ ይጠራል፣ ሌላኛው ይቀንሳል፣ የመጀመሪያው ትንሽ ይጨምራል። ሦስቱም «በቃ፣ ተስማምተናል» እስኪሉ ይመላለሳሉ። ብዙ ጊዜ 10 ዙር አይሞላም።

ሞዴሎቹ የተሠሩት በሌላ አገር ነው። ጣና ዳር ላይ ይሠራሉ?

ይሠራሉ፤ ግን አንድ ቁጥር ካልቀየራችሁ ያሳስቷችኋል። እኔን አሳስቶኛል።

25 ሊትር የሚይዝ የቀለም ባልዲ ውስጥ የተከልኳት አንዲት ወይን አለችኝ። አፈሩን በላስቲክ ጠቅልዬ ከግንዱ ጋር አስሬዋለሁ፤ ውሃ በቅጠሏ ካልሆነ በሌላ እንዳይወጣ። ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ማታ አንድ ጊዜ ዲጂታል ሚዛን ላይ አወጣታለሁ። የቀነሰችው ኪሎ የተነነው ውሃ ነው፤ 1 ኪሎ 1 ሊትር። ከዚያ የዕለቱን ሙቀትና እርጥበት ሞዴሉ ውስጥ አስገብቼ አወዳድራለሁ።

ሞዴሉ የሚለኝ ሁልጊዜ ከሚዛኑ ያነሰ ሆነ። በአንድ አምስተኛ ገደማ። ሚዛኑን ጠረጠርኩ። ተሸክሜው ወደ ሻጩ ሄድኩና ተጨቃጨቅን። እሱ ምንም ሳይል 5 ኪሎ ስኳር ከነእሽጉ አምጥቶ ጫነበት። 5 ኪሎ አለ። አፍሬ ተመለስኩ።

ጥፋቱ ኤክሴሉ ውስጥ አንዲት ሳጥን ላይ ነበር። 101.3 ይላል። የአየር ግፊት ነው፣ በኪሎፓስካል፣ በባሕር ወለል። ባሕር ዳር ስሟ ባሕር ቢሆንም 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ግፊቱ 82 አካባቢ ነው። ውሃው ከቅጠሉ ሲወጣ የሚጋፋው አየር ስስ ነው፤ ስለዚህ ይፈጥናል። የትነቱ ስሌት የአየሩን ጥማት ለአየሩ ግፊት ያካፍላል። አካፋዩ ሲያንስ መልሱ ያድጋል።

በቁጥር እንየው። የበሩ ስፋት በሞዴሉ መለኪያ 0.2፣ የአየሩ ጥማት 2.8 ይሁን። በ101.3 ስታካፍሉ፣ ወደ ሊትር ሲመነዘር፣ ከአንድ ካሬ ሜትር ቅጠል በሰዓት 0.36 ሊትር ይወጣል። በ82 ስታካፍሉ 0.44 ሊትር ነው። ልዩነቱ ከግማሽ ብርጭቆ አይበልጥም፣ ትሉ ይሆናል። 10 ካሬ ሜትር ቅጠል ያለው ዳስ ላይ በቀን 6 ሰዓት አባዙት፤ ወደ 5 ሊትር ይመጣል። ያውም በየቀኑ።

ከፍታው በሌላም በኩል ይነካል። አየሩ ስስ ሲሆን የካርቦን ዳይኦክሳይዱም ግፊት በዚያው ልክ ይቀንሳል። ቅጠሉ ሲያስገባም ሲያስወጣም ይጎዳል። ስለዚህ ከሌላ አገር ወይን ላይ የተለካ ቁጥር ስትዋሱ ቢያንስ ይህን ግፊት አስተካክሉ። ከዚያ ሚዛን ላይ ፈትኑት። ያልተመዘነ ሞዴል አላምንም። የራሴንም ቢሆን።

ጋዙን የሚለካው መሣሪያ አይቀመስም። ያለሱ ምን ማድረግ እችላለሁ?

እውነት ነው፣ ቅጠሉን ቆልፎ የገባውንና የወጣውን ጋዝ የሚለካው መሣሪያ ለግለሰብ የሚገዛ አይደለም። ባልዲና ሚዛን ግን ብዙ ይነግራሉ። የቅጠሉን ስፋት ለማወቅ ባለ ካሬ ወረቀት ላይ አስቀምጣችሁ ዙሪያውን በእርሳስ ሳሉና ካሬዎቹን ቁጠሩ። ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ብላችሁ ጥቂት ጥቂት ከለካችሁ የቀረውን በቁጥር ማባዛት ነው። አሰልቺ ነው። ሬዲዮ ክፈቱና ሥሩት።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ከኮቪድ ጊዜ የተረፈ ግንባር ላይ የሚደገን ቴርሞሜትር ብዙ ቤት አለ። ቅጠል ላይ አትደግኑት። የተሠራው ለሰው ገላ ሙቀት ነው፤ 27 ዲግሪ ያለ ቅጠል ሲያይ ግራ ይገባዋል። የቅጠል ሙቀት ከፈለጋችሁ ለማሽንና ለኤሌክትሪክ ሥራ የሚሸጠውን ዓይነት ያዙ። ይጠቅማችኋል፤ ፀሐይ ላይ ያለ ቅጠል ከአየሩ ብዙ ዲግሪ በልጦ ካገኛችሁት በሩን ዘግቷል ማለት ነው።

እሺ፣ አሁን ጀሪካኑን ንገረን!

እኩለ ቀን ላይ ዳሱ ሥር ጥላውን ለኩ። ሙሉው ዘዴ ይኸው ነው። እኩለ ቀን ስል ግን 6 ሰዓት አይደለም። የአገራችን ሰዓት የተስተካከለው ከእኛ በጣም ምሥራቅ ባለ መስመር ስለሆነ ባሕር ዳር ላይ ፀሐይ ጫፍ የምትደርሰው 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ከሆነ ደግሞ በትክክል አናታችሁ ላይ ናት፤ ጥላው ቀጥ ብሎ ከሥሩ ይወድቃል።

ካሊፎርኒያ ውስጥ ዊሊያምስና አያርስ የተባሉ ተመራማሪዎች ወይን ከነመሬቱ ትልቅ ሚዛን ላይ ተክለው ያገኙትን በ2005 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። ወይን የሚያተነው ውሃ መሬት ላይ ከሚጥለው ጥላ ጋር ቀጥ ባለ መስመር ይሄዳል። ለቤት ሲመነዘር እንዲህ ነው፦ የጥላው ስፋት በካሬ ሜትር፣ ሲባዛ 1.7፣ ሲባዛ የዕለቱ መነሻ ትነት በሚሊሜትር። የሚመጣው ሊትር ነው። መነሻ ትነት የምለው ደህና ውሃ የጠጣ አጭር ሣር በዚያ ቀን የሚያወጣውን ውሃ ነው።

ጥላችሁ 2 በ3 ነው እንበል፤ 6 ካሬ ሜትር። የመጋቢትን መነሻ ትነት 5 ሚሊሜትር እንያዘው። 6 ሲባዛ 1.7 ሲባዛ 5፣ 51 ሊትር። በ20 ሊትር ጀሪካን ሁለት ተኩል። ጥላው በየቦታው ብርሃን የሚያስገባ ከሆነ የጥቁሩን ብቻ ቁጠሩ። ወይኑ ገና ልጅ ከሆነና ጥላው አንድ ካሬ ሜትር ብቻ ከሆነ 8 ሊትር ተኩል ይበቃዋል። ብዙ ሰው ልጅ ወይን ላይ ነው ውሃ የሚያባክነው፤ ሥሩን እስኪያፍነው።

ይህ መነሻ ነው። ዳሱ ከቆርቆሮ አጥር ወይም ከሲሚንቶ ግቢ ጋር ከተጠጋ የጋለው አየር ስለሚመጣበት ከዚህ በላይ ይጠጣል። ሰፊ የወይን ማሳ መሀል ያለ ተክል እንዲህ አይጠቃም።

በየቀኑ ላጠጣ ወይስ በተራ? እኛ ቆጋ መስኖ ላይ ውሃ የሚደርሰን በወረፋ ነው።

አፈሩ ጎተራ ነው። ጥያቄው ጎተራው ስንት ይይዛል፣ ተክሉስ ሳይጨነቅ እስከ ስንት ያወጣል ነው። አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው ደህና አፈር ተክሉ ሊጠጣው የሚችል 150 ሚሊሜትር ያህል ውሃ ይይዛል። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት በ1998 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ለገበታ ወይን ከዚያ ላይ 35 በመቶው ሲያልቅ አጠጡ ይላል። 35 በመቶው 52 ሚሊሜትር ነው። ማሳው በቀን ከ4 ሚሊሜትር ትንሽ ከፍ ያለ ካወጣ 12 ቀን ይይዛችኋል። ተራችሁ ከ12 ቀን በታች ከሆነ አትደንግጡ። ከዚያ ካለፈ ግን ከተራችሁ በፊት አንድ ጊዜ በጀሪካን መደገፍ ያስፈልጋል። አፈሩ አሸዋ ከቀላቀለ ቀኑን በግማሽ ያህል ቀንሱት።

ዋልካ ላይ ሌላ ጣጣ አለ። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ የምትለቁበት ውሃ በስንጥቁ ወርዶ ከሥሩ በታች ይጠፋል። ሳይሰነጠቅ ድረሱለት። በጠብታ መስኖ ከሆነ ደግሞ ይህ ሁሉ ስሌት ይቀየራል፤ እርጥብ የሚሆነው አፈር ጥቂት ስለሆነ በየቀኑ ወይ በሁለት ቀን አንዴ ትንሽ ትንሽ ነው።

እኩለ ቀን ላይ ቅጠሉ ጠውልጎ አየሁት። ሮጬ ላጠጣ?

ቆይ። ማታ ተመልሶ ከቆመ ችግር የለም፤ ሥሩ ማቅረብ ከሚችለው በላይ አየሩ ስለጠየቀው ነው። ብዙ ወይን እኩለ ቀን ላይ በሩን ገርበብ ያደርጋል። ብልህነት ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሄደህ ተመልከት። ያኔም ካልቆመ ተጠምቷል።

ከቅጠሉ በፊት የሚናገሩት ግን ጅማቶቹ ናቸው፤ እነዚያ እየተጠማዘዙ የሚይዙት ቀጫጭን ክሮች። ተክሉ ሲደላው ከቡቃያው ጫፍ አልፈው ወደ ላይ ይዘረጋሉ። ሲጠማ ወደ ታች ይንጠለጠላሉ፣ ቆይተውም ይረግፋሉ። እኔ ጠዋት ግቢ ስወጣ መጀመሪያ የማየው እነሱን ነው።

ዓይነቱም ይለያል። ግሬናሽ የተባለው ወይን ቶሎ የሚዘጋ ጠንቃቃ ነው። ሲራ የተባለው ደግሞ ውሃው እያለቀም በሩን ከፍቶ ይሠራል። ሞዴሉ ላይ ያቺ የቆጣቢነት ቁጥር ለሁለቱ አንድ ልትሆን አትችልም። የጎረቤት ወይን ስላልጠወለገ የእኔም አይጠወልግም አትበሉ።

እምቦጭስ? እሱም ሐይቁን እየመጠጠው ነው ይባላል።

አሠራሩ ያው ነው፤ በር፣ ፀሐይ፣ የአየር ጥማት። ልዩነቱ እምቦጭ እግሩ ውሃ ውስጥ ነው። በሩን የሚዘጋበት ምክንያት የለውም። ወይን ግን ጎተራው ሲጎድል ያውቃል፣ ሥሩ ወደ ቅጠሉ መልእክት ይልካል፣ ቅጠሉም ይጠነቀቃል። ስለዚህ ለእምቦጭ የአፈር ጎተራ የሚባለውን ክፍል ከሞዴሉ ማውጣት ነው። የሚያናድደኝ ተክል ነው፤ ለሞዴል ግን ከወይን ይቀላል።

ለቅዳሴ የሚሆን ዘቢብ ከራሳችን ግቢ ብናደርስ ብለን ነበር። ውሃው እንዴት ይሁን?

አባታችን፣ ፍሬው ቀለም መያዝ ወይም መለስለስ እስኪጀምር ድረስ አያስጠሙት። ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ይቀንሱለት፤ ከስሌቱ ግማሽ ድረስ ቢወርድ አይሞትም። ፍሬው ስኳሩን ይሰበስባል፣ ሲሰጣም ቶሎ ይደርቃል። ሊለቀም ሲል ብዙ ውሃ ካገኘ ግን ቆዳው ይሰነጠቃል፣ ዝንቡም ንቡም ይሰለፍበታል። የመግረዣውንም ጊዜ ያስቡበት። እዚህ ወይኑን የሚያስተኛ ብርድ ስለሌለ የሚቀሰቅሰው መግረዙ ነው። ፍሬው በበጋው ፀሐይ እንዲደርስ ከዚያ ወደ ኋላ ቆጥረው ይግረዙ። ክረምት ላይ የደረሰ ወይን ዘቢብ አይሆንም፤ ሻጋታ ነው የሚሆነው።

ክረምት ላይም ልመዝን?

አያስፈልግም። ከሰኔ እስከ መስከረም ውሃው ከሰማይ ነው። የክረምት ሥራ ቅጠል ማሳሳት፣ ዳሱን ማናፈስና ሻጋታ መጠበቅ ነው።

ማታስ ውሃ ይጠፋል ወይስ ወይኑ ተኝቷል?

ጨለማ ሲሆን ምግብ መሥራት ይቆማል፣ በሩ ግን ጥርቅም ብሎ አይዘጋም። ብዙዎቹ ሞዴሎች የሌሊቱን ዜሮ ያደርጉታል፤ ወይም የሌሊቱን ማንጠባጠብ የሚወክለውን ትንሽ ቁጥር በግምት ይሞሉታል። ባልዲ ካላችሁ መገመት አያስፈልግም። ማታ 1 ሰዓት ላይ መዝኑ። ንጋት 12 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ አጥሩን ሳትነካ፣ ደግማችሁ መዝኑ። ቅጠሉ ላይ ጤዛ ካለ በጨርቅ ጠረግ አድርጉት፤ አለበለዚያ ወይናችሁ ሌሊቱን ወፍራ ታድራለች።